ማሲንቆን ያወደሰ፣ ጭራውን የረሳ

በአማርኛ ግጥም ውስጥ ማሲንቆ ሲያለቅስ ኖሯል። ያለቅሳል፣ ያንጎራጉራል፣ የጌታውን ብሶት ለማያውቀው እንግዳ ያዋያል፤ ገጣሚው ቃል ባጠረው ቁጥር «እንደ ማሲንቆ» ብሎ ያመልጣል። ክራርም የትዝታ ቤት ምሰሶ ሆና ታገለግላለች። በገናማ የዳዊት ነውና ማን ደፍሮ ይነካዋል! ይህን ሁሉ ውዳሴ ያገላበጠ አንባቢ ግን አንዲት ተራ ነገር ፈልጎ ያጣል፤ የሚያለቅሰው የማሲንቆው ምኑ እንደ ሆነ። እንጨቱ አያለቅስም። ቆዳውም ካልነኩት ዝም ያለ ቆዳ ነው። የሚያለቅሰው ጭራው ነው፤ ከፈረስ ጅራት ተወስዶ፣ ተመርጦ፣ ታጥቦ፣ በአንድነት ታስሮ የተወጠረው ጭራ። ስለ እርሱ ብዕራችን ዝም ብሏል። ከበደ ሚካኤል «አዝማሪና ውሃ ሙላት»ን ከጻፉ ወዲህ ስንት ትውልድ ወንዝ ዳር የቆመውን አዝማሪ በቃሉ አጥንቷል! የቆዳና የጭራ መሣሪያ በዚያ ሁሉ እርጥበት መካከል እንዴት ቅኝቱን እንደሚጠብቅ የጠየቀ ተማሪ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ዝምታው ዝምታ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። የሚከፋው ዝምታው የሚሰበረው ለወቀሳ ብቻ መሆኑ ነው። የባህል በዓል በመጣ ቁጥር፣ ክርክርም በተነሣ ቁጥር የምንሰማው አንድ ዜማ አለ፤ ናይለን ክራራችንን ገደለው፣ ብረት ለዛችንን አጠፋው፣ አባቶቻችን በጅማት ይመቱ ነበር፣ የዛሬዎቹ ግን ባህሉን ለፕላስቲክ ሸጡት። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ክር እንኳ ወጥረው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ክር መምረጥ የጆሮና የእጅ ዕውቀት ነው። የአገር ፍቅር ፈተና ያደረግነው ዕለት ዕውቀቱንም፣ ዐዋቂውንም አብረን እናጣለን። የምጽፈው በዚህ ነገር ለመከራከር ነው።

እስቲ «የአባቶቻችን ክር» የሚባለው ምን እንደ ነበረ እንይ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ እስከሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ድረስ ቆይቷል። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ስለ መሣሪያዎቻችን ለእንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ለቻርልስ በርኒ ደብዳቤ ጻፈለት፤ በርኒም በ1776 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ውስጥ አስገባው። ብሩስ ክራር መሰሉን መሣሪያ ሲገልጽ፣ ክሮቹ የአንጀት ሳይሆኑ እጅግ ቀጥኖ ተቆርጦ የተገመደ የበግ ወይም የፍየል ጥሬ ቆዳ እንደ ነበሩ ይናገራል። ቶሎ ይበሰብሳሉ፤ አየሩ ሲደርቅ ይበጠሳሉ፤ ሲረጥብ ድምፃቸው ይጠፋል ይላል። ብሩስ በብዙ ነገር ችኩል ፈራጅ ነበር። በዚህ ነገር ግን የደጋውን ጠባይ የሚያውቅ ሰው አይከስሰውም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ አያፋታም፤ ከዚያ በኋላ ያለው በጋ ደግሞ ከንፈር ይሰነጥቃል። ወደ ዳባትና ደባርቅ ከፍ ሲሉ የሌሊቱ ውርጭ ይጨመርበታል። ከእንስሳ አካል የተሠራ ክር እንዲህ ባለው አየር ሲያብጥና ሲኮማተር ይከርማል።

እንግዲህ ቆዳውን በአንጀት፣ አንጀቱን በናይለን የለወጠው ሰው የፈለገው ከሰኔ እስከ ሰኔ የሚቆይ ክር ነበር። ይህን የመሰለ ሰው ከሃዲ አይባልም። ባለሙያ ይባላል። ደግሞስ ወቃሾቹ የሚመኙት «ጥንታዊ ክር» የትኛው ነው? ብሩስ ያየው ቆዳ ነው ወይስ ከእርሱ ሌላ የነበረው አንጀት? ጥንቱ ራሱ አንድ አልነበረም።

ወደ ውጭው ዓለም ብንመለከትም ነገሩ ይኸው ነው። በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የጊታር ክር የበግ አንጀት ነበር። ናይለን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈለሰፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጀት ለቁስል መስፊያ ሲፈለግ ለሙዚቀኛ ጠፋ፤ ያን ጊዜ አልበርት ኦገስቲን የሚባል የኒውዮርክ ጊታር ሠሪ ከናይለን ክር ማውጣት ጀመረ፤ ታላቁ ስፔናዊ ጊታረኛ አንድሬስ ሰጎቪያም ተቀበለው። ሰጎቪያን ባህሉን ሸጠ ያለው ማን ነው? ዩኩሌሌ የምትባለውን የሃዋይ ትንሽ ጊታር እንውሰድ። በ1879 እ.ኤ.አ. ከማዴይራ ደሴት በመርከብ የመጡ ፖርቱጋላውያን ካመጧት መሣሪያ የተወለደች ናት፤ ክሯም አንጀት ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ተጫዋቾቿ የሚወጥሩት ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን ነው፤ ይኸኛው የዓሣ አጥማጅ ክር የሚሠራበት ነገር ነው። ከናይለን ስለሚከብድ ለዚያው ድምፅ የቀጠነ ክር ይበቃል፤ ድምፁም ይጠራል። ሃዋያውያን ስለዚህ ነገር ሲከራከሩ ክርክራቸው ስለ ውፍረት፣ ስለ ውጥረትና ስለ ድምፅ ጥራት ነው። ክሩን የመሸጫው ወረቀት ላይ በቁጥር ጽፈው ይሸጡታል። እኛ ግን ቁጥሩን ሳናውቅ ስለ ማንነት እንጣላለን።

ወደ ክራር እንመለስ። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አላት፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ሁሉ በእነዚያ ክሮች ላይ ይስተናገዳሉ። ከትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ የሚሻገር ሰው ክሩን ማጥበቅና ማላላት ግድ ይለዋል። በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ! ደረቅ አንጀት ይህን መመላለስ አይወደውም፤ ናይለን ይችለዋል። ናይለንም ጠባይ አለው፤ አዲስ ሲወጠር ለተወሰነ ቀን እየሳበ ቅኝት ያጠፋል። ስለዚህ ዐዋቂ ሰው ለቅዳሜ ሠርግ ዓርብ ማታ ክር አይቀይርም፤ አንዱ ክር ያረጀበትም ሁሉንም በአንድነት ይለውጣል፤ አዲስና አሮጌ ክር አብረው አይሰክኑምና። የብረቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ብረት ከናይለን ሰባት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ውፍረቱ እኩል የሆነ የብረት ክር ያንኑ ድምፅ እንዲሰጥ ሰባት እጥፍ ያህል መጎተት አለበት ማለት ነው፤ ክራሯ ቀጭን ሁለት ክንድና ቆዳ ብቻ የያዘች ፍጥረት ናት፤ ያን ጉልበት አትችለውም። ስለዚህ ብረት የሚወጥር ሰው እንደ ፀጉር የቀጠነውን ይመርጣል፤ በኤሌክትሪክ ድምፅ ማጉያ ለሚጫወት ይህ መልካም ምርጫ ነው። በትንሽ ቤት፣ በእጅ ብቻ ለሚጫወት ግን ድምፁ ሾጣጣ ይሆንበታል። ብረትን የምነቅፈው ያለ ቦታው ሲገባ ነው። ነቀፌታው ከጆሮ የመጣ ከሆነ ተጫዋቹም ይሰማናል፤ «ባህል ጠፋ» ስንለው ግን ፈገግ ብሎ ያልፈናል። ደግ ያደርጋል።

ናይለንን ይህን ያህል ከተከላከልኩ፣ ማሲንቆም በናይለን ይሁን እላለሁ ማለት ነው? አልልም። ምክንያቴ ግን የወቃሾቹ ምክንያት አይደለም። የክራር ክር ይመታል፣ ይተዋል። የማሲንቆ ጭራ በደጋን ይታሻል፤ ደጋኑም የተወጠረው በዚያው በፈረስ ጭራ ነው። ጭራ በጭራ ላይ ብቻውን ይንሸራተታል እንጂ አይጮኽም። የሚያስጮኸው በመካከል የገባው ሙጫ ነው፤ ደጋኑ ጭራውን ይይዘዋል፣ ይስበዋል፣ ያመልጠዋል፣ እንደገና ይይዘዋል፤ ይህም በአንዲት ሰከንድ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ይሆናል። የፈረስ ፀጉር ገጹ ሻካራ ስለ ሆነ ሙጫውን ያቆያል። በዚያ ላይ የማሲንቆ ጭራ አንድ ክር ነው እንበለው እንጂ ብዙ ፀጉር በአንድነት የታሰረበት ነዶ ነው፤ አንዱ ወፈር፣ ሌላው ቀጠን ያለ፤ ያ ትንሽ አለመስማማት ነው ድምፁን ሰውኛ ያደረገው፣ ጉሮሮው የሻከረ አዛውንት ያስመሰለው። ልሙጥ ናይለን ይህን አይሰጥም። ድምፁ ይጠራል፤ ከጥራቱም የተነሣ ባዶ ይሆናል። የፈረሱን ጭራ የምደግፈው ስለ ተሻለ ነው። ነገ ከእርሱ የሚሻል ቢገኝና የቡርቧክስ ሰው ሰምቶ ይሁን ካለ፣ ከፊቱ የምቆም አልሆንም።

በነገራችን ላይ «ጭራ» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ቤት የሚኖር ቃል ነው። መኳንንቱ ዝንብ የሚከላከሉበት፣ ክብራቸውን የሚያሳዩበት ጭራ ከፈረስ ጅራት ነበር፤ ከዚያው ከጅራቱ የተወሰደ ሌላ ጭራ ደግሞ ከፊታቸው ቆሞ በሚያወድሳቸውና ሸርተት አድርጎ በሚነቅፋቸው ሰው እጅ ይወጠር ነበር። ወርቅ ቆጣሪዎች ይህን ኅብረ ቃል እንዴት እንዳለፉት ይገርመኛል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣብኝ እንደሚችል ዐውቃለሁ፤ ጥያቄውም የዋዛ አይደለም። «አዝማሪ ማለት ቃሉ ነው፤ ሰምና ወርቁ ነው፤ ክሩ አጃቢ ነው፤ ለሥነ ጽሑፍ ሰው ደግሞ አጃቢው ምኑ ነው?» ይባላል። ጠጅ ቤት የተቀመጠ ሰው ሲገጥም ያየ ይህን አይልም። እንግዳው «ተቀበል!» ይላል፤ አንድ ስንኝ ያቀብላል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ማሲንቆው ብቻውን ይሄዳል። ያቺ ማሲንቆው ብቻውን የሚሄድባት ቅጽበት ምንድር ናት? ሰሙ የሚቀልጥባት ጊዜ ናት። ሰሚው የተባለውን ይሰማል፤ ቀጥሎ ያልተባለውን ፈልጎ ያገኛል፤ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ይፈነዳል፣ ወይም ፊቱ የሚጠቁር አንድ ሰው ይኖራል። አዝማሪው ያቺን ጊዜ በጭራው ያስረዝማታል፣ ያሳጥራታል። እንግዳው የዘገየ እንደ ሆነ አንድ ዙር ይጨምርለታል፤ አደገኛ ቃል የወጣ እንደ ሆነ ቶሎ ያልፈዋል። ቅኔው በወረቀት ላይ ሲሰፍር የሚጎድለውም ይኸው ነው። የአዝማሪ ግጥም ሰብስበው ያሳተሙ ሰዎች ቃሉን ብቻ ለቅመው ሲያመጡልን፣ ጊዜውን ሜዳ ላይ ጥለውት ነው የመጡት። በጭራው የሚለካ ግጥም ጭራው ሲረክስ ልኩ ይጠፋል።

ስለዚህ የጭራው አያያዝ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ነው፤ ያውም ዝርዝር ያለው ጉዳይ። ጭራ የሚመረጠው ረጅም፣ ያልተሰነጠቀ፣ እኩል የጠነከረ ሆኖ ነው። የአውሮፓ የደጋን ሠሪዎች የሰንጋ ወይም የድንጉላ ፈረስ ጭራ ይመርጣሉ፤ የባዝራዋን ሽንት ይነካዋል ይላሉ። እነርሱ ይህን ጽፈውታል፤ የእኛው ባለሙያ የሚያውቀው ግን ከአባት ወደ ልጅ በአፍ ብቻ ይሄዳል። ጭራው ከመወጠሩ በፊት ታጥቦ ይደርቃል፤ የቆሸሸ ፀጉር ሙጫ አይቀበልም። ትልቁ ጠላቱ ቅባት ነው። አዝማሪውን ዶሮ ወጥ አብልቶ ወዲያው «በል ምታ» የሚል ደጋሽ የጭራ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ በቅቤ የራሰ ጣት የነካው ቦታ ደጋኑ ሲደርስበት ይንሸራተታልና። ሙጫው ሲያንስ ማሲንቆው ያንሾካሹካል፤ ሲበዛ ያንቋርራል። የማሲንቆ ተጫዋች ጭራውን ከዘንጉ ጋር አያጣብቅም፤ በጣቱ ሥጋ ከጎኑ ይነካዋል እንጂ፤ ስለዚህ ፀጉሩ ቶሎ የሚያልቀው ጣቶቹ በሚያርፉበት ቦታ ነው። አንድ አንድ እያለ ይበጠሳል፤ ነዶው ይሳሳል፤ ድምፁም ይከሳል። ጨዋታ ሲያበቃ መቃኛው ላላ ይደረጋል፤ ሌሊቱን ሙሉ የተወጠረ ጭራ ቆዳውን ያጎደጉደዋል። ክረምት ሲሆን ቆዳው ይረግባል፤ ለእሳት ወይም ለፀሐይ አሳይተው ያደርቁታል፤ ሲበዛበት ደግሞ ይሰነጠቃል። ልክ አለው፤ ልኩን የሚያውቀው እጅ ነው።

ደግሞ አስቡት፤ ጭራው የደጋ ነው፤ ፈረስ የሚረባው በደጋ ነውና። ዕጣኑ ደግሞ የቆላ ነው፤ የዕጣን ዛፍ የሚበቅለው ቀድሞ በሰሜን ጎንደር ሥር በነበረችው በመተማ በኩል ባለው በረሃ ነው፤ እርሱም ሙጫ ነው። ደጋና ቆላ በአንድ ደጋን ላይ ይገናኛሉ። እንዲህ ያለውን ገጣሚዎቻችን ሳይነኩት ማለፋቸው ምነው?

የበገናው ነገር በሌላ መንገድ ያሳዝናል። በገና አሥር አውታር አለው፤ ሁሉም ግን አይመቱም፤ አንዳንዱ የጣት ማረፊያ ነው። አውታሩ በባህሉ የበግ አንጀት ነው፤ ከአውታሩና ከበርኩማው መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ እንዝራ ይባላል። ያ ንብ የሚመስል እምምታ የሚመጣው አውታሩ ሲርገበገብ እንዝራውን እየነካ ነው። የአውታሩ ውፍረትና ሻካራነት ከተለወጠ እንዝራው እንደገና መስተካከል አለበት፤ በግዴለሽነት ናይለን የወጠረ ሰው እምምታውን ያጣዋል፤ አስተካክሎ የወጠረ ግን ያገኘዋል። የዐቢይ ጾም ሰሞን በገና የሚሰማ ሰው «አንጀቴን በላው» ይላል። የሚበላው አንጀት የእርሱ ነው፤ የሚበላውም አንጀት ነው። ይህንን ያህል ወርቅ በአፋችን ይዘን ስንኖር፣ አንጀት እንዴት እንደሚፋቅ፣ እንዴት በእርጥቡ ተገምዶ በሁለት እንጨት መካከል እንደሚደርቅ፣ ከአይጥስ እንዴት እንደሚጠበቅ በአማርኛ የሚነግረን መጽሐፍ አንድ እንኳ በየቤታችን የለም። እንደ መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ ያሉ መምህራን ጸንተው ባያስተምሩ ኖሮ ጨዋታው ራሱ ከእጃችን በወጣ ነበር። በብራና መዝሙረ ዳዊት ላይ ንጉሡን ከነበገናው የሣለው ጥንታዊ ሠዓሊም ቢሆን አውታሩን በቀጭን መስመር ጨርሶታል፤ እርሱ ግን ሠዓሊ ነው፣ ይቅር ይባላል። ጸሐፊ ምን ይለዋል?

አንድ ሰው «እንጻፍ ካልን ማንን እንጠይቅ?» ቢል፣ መልሱ ሩቅ አይደለም። ጎንደር አጠገብ ቡርቧክስ አለ፤ አዝማሪነት ከቤት ወደ ቤት የሚወረስበት መንደር። ጃፓናዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴ ከሩቅ ምሥራቅ መጥቶ የጎንደርን ልጅ አዝማሪዎች ተከታትሎ በ2006 እ.ኤ.አ. ፊልም አወጣላቸው። ከፒያሳ ታክሲ ይዞ መሄድ የሚችለው ብዕረኛ ግን ማሲንቆን የሚያውቀው ፋሲል ግንብ አጠገብ ለጎብኚ ከሚሸጠው ነው፤ ለግድግዳ የተሠራ፣ ጭራው ለይስሙላ የተንጠለጠለ፣ ደጋኑ ሙጫ አይቶ የማያውቅ። ግጥማችን ውስጥ የሚያለቅሰው ማሲንቆ ከእነዚህ አንዱ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ጊዜውም አይጠብቅም። ይህ ዕውቀት የሚተላለፈው በመንገድ ላይ ነው፤ ልጁ ከአባቱ ጋር ከሠርግ ወደ ሠርግ እየሄደ፣ ጭራ ሲበጠስ አጠገብ ተቀምጦ እያየ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተነሣው ጦርነት ሠርጉንም፣ የሌሊቱን ጨዋታም፣ የመንገዱንም ጉዞ አውኮታል። ያልሄደ ልጅ ያላየ ልጅ ነው። አባቱ ሲያልፍ የሚቀረው እንጨቱና ቆዳው ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ናይለን ቢወጥርበት እርሱን ለመውቀስ እንሰለፍ ይሆን?

እኔ ከጸሐፊዎቻችን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ አየሩ ደረቅ ነው፤ ጭራም በደንብ የሚጮኽበት ሰሞን ነው። የማሲንቆ ግጥም ሊጽፍ ያሰበ ሰው በዚያ ሰሞን አንድ አዝማሪ ዘንድ ይሂድ፤ ሽልማቱን አስቀድሞ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለት፤ ከዚያ ጭራውን ከየትኛው ፈረስ እንዳመጣው፣ ስንት እንደ ገዛው፣ ስንት ሠርግ እንደሚያዘልቀው፣ ሙጫውን ከየት እንደሚያገኝ፣ የተበጠሰውን ምን እንደሚያደርገው ይጠይቀው። መልሱን በሰማው ቃል ልክ ይጻፍ። ግጥሙ ከዚያ በኋላ ይምጣ።